እንቁጣጣሽ ዓርብ ሲውል ለእንግዳ ምን ይቀርባል?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ከረሙ። የምኖረው ደሴ ነው። የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ እንደሚውል አየሁና ካሁኑ ጨነቀኝ። ወንድሜ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ የባለቤቴ አክስቶች ይመጣሉ፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው። እኔ ዓርብን አልበላም፣ ግን በዓመት በዓል፣ ያውም ስንት ጊዜ ተለምኖ ለመጣ እንግዳ ጎመንና ሽሮ ማቅረቡ አሳፈረኝ። ጎረቤቴ "እንግዳ ካለ ጾሙ ይፈታል፣ አብርሃምም ለእንግዳ ጥጃ አርዷል" አለችኝ። እኔ ሳልበላ ለነሱ ብቻ ዶሮ ብሠራስ? ካልሆነም ከሐይቅ ዓሣ ላስመጣ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ከረምሽ። ካሁኑ ማሰብሽ ራሱ ደስ ይላል፣ ብዙ ሰው እኔን የሚጠይቀኝ ዶሮዋ ከታረደች በኋላ ነው። የቀኑን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚበላው ልደትና ጥምቀት ሲውልበት እና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው፣ እንቁጣጣሽ እዛ ውስጥ የለም፣ በ2017 ረቡዕ ውሎ ጾመን ነው የዋልነው። ዓሣውም ይቅርብሽ፣ በኛ ሥርዓት የፍስክ ነው። ይሄን በዚህ ልተወውና "አሳፈረኝ" ወዳልሽው ልምጣ፣ እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው።

ይሄ እፍረት በጣም ብዙ ቤት ያጋጥመኛል። ጾሙን እንጾማለን፣ ቅር አይለንም፣ ሰው ሲመጣብን ግን የጾም ምግብ ውርደት ይመስለናል፣ ሥጋ ከሌለ እንግዳው የተናቀ፣ ቤቱም የደኸየ አርገን እናስበዋለን። አንድ ቤት ተጠርተን ሄደን መሶቡ ሲከፈት ምስር ወጡ፣ አዚፋው፣ ስንግ ቃሪያው፣ ጎመኑ ጢም ብሏል፣ ሽታው ራሱ ያጠግባል። እናትየዋ ግን "ይቅርታ እንግዲ ጾም ሆነብን፣ ባዶ ቤት መጣችሁ፣ ምንም የለም እኮ" እያሉ አላባራ አሉ። እያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ይቅርታ! በመጨረሻ እንግዶቹ ተሳቀው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ያ ሁሉ ምግብ እንደተከመረ ተነሳ። ምግቡ ምን ጎደለው? ምንም። የጎደለው የባለቤቷ ፊት ነው፣ ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል ሰምተሽ የለ።

ጎረቤትሽ አብርሃምን ማንሳቷ ጥሩ ነው፣ ግን ዘፍጥረት 18ን ጥጃው ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚያነቡት ብዙ ናቸው። ከጥጃው በፊት አብርሃም ምን አረገ? በቀትር ሐሩር ከድንኳኑ ደጃፍ ተነስቶ ሮጠ፣ እስከ ምድር ሰገደ፣ እግራችሁን ታጠቡ ከዛፉ በታች ዕረፉ አለ፣ ሣራን ቶሎ በይ ዱቄት ለውሺ አላት። ጥጃውም የመጣው በመንጋው ውስጥ ስለነበረ ነው፣ ያለውን ሰጠ። የሰራፕታዋ መበለት ደግሞ ኤልያስን የተቀበለችው በእፍኝ ዱቄትና በጥቂት ዘይት ነው (1ኛ ነገሥት 17)፣ ዱቄትና ዘይት፣ ልብ በይ፣ ከላይ እስከ ታች የጾም ምግብ ነው! ነቢዩን ያስተናገደ፣ ቤቷንም በረሃቡ ዘመን ያቆመ ገበታ እሱ ነው፣ እኛ ግን ዛሬ ለዘመድ ለማቅረብ እናፍርበታለን።

"እንግዳ ካለ ጾም ይፈታል" የሚለው ነገር ደግሞ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ በጥንት የግብፅ በረሃ አባቶች በፈቃዳቸው የያዙትን የየዕለት ጾም እንግዳ ሲመጣባቸው ትተው አብረው ማዕድ ይቀርቡ ነበር፣ ፍቅር ትበልጣለች ብለው። ረቡዕና ዓርብን ግን አልነኩም። ሰው ታሪኩን ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ሲጥለው ነው እንዲህ የሚሆነው።

አሁን ወደ ዶሮሽ እንምጣ። "ለነሱ ብቻ ብሠራስ" አልሽ። እስኪ እንግዶችሽን አንድ በአንድ እንያቸው። ወንድምሽ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው፣ ዓርብ ቀን ዶሮ ወጥ ፊቱ ብታቀርቢለት አከበርሽው ወይስ አሳሳትሽው? በእህቱ እጅ ሲቀርብለት እንዴት እምቢ ይላል? አክስቶቹ ደግሞ እኛ ያረድነውን አይበሉም፣ ይሄን ለወሎ ልጅ እኔ አልነግራትም። ታዲያ ዶሮዋ የምትታረደው ለማን ነው? ይሄን ስታስቢው ማንም እንዳልጠየቀሽ ይገባሻል፣ እፍረትሽ ብቻ ነው የጠየቀሽ።

እንደውም እኔ ያንቺን ዓርብ ሳስበው ደስ ነው ያለኝ። በገናም በፋሲካም የኛን አገር ቤት አስቢው፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል የእስላሙ ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ መሶቡ ለብቻ። ክፉ ነገር አይደለም፣ ከአባቶቻችን የወረስነው መከባበር ነው፣ ማንም ማንንም ካላረድኩልህ ብላ አይልም። ግን ያው አንድ ዘመድ ሆኖ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ አሮጊቷ አክስት እዛኛው ክፍል፣ የወንድም ልጅ እዚህኛው፣ ልጆቹ በመሀል ይመላለሳሉ። ዓርብ ግን የሚታረድ የለም፣ የሚታረድ ከሌለ ደግሞ የሚለያይም የለም! ወንድምሽና የባለቤትሽ አክስቶች ባንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው ከአንዱ እንጀራ ቆርሰው እርስ በርስ ሊጎራረሱ ነው፣ አፈር ስሆን ይቺን ብቻ ሊባባሉ ነው። ስንት ዓመት በዓል አልፎ ይሄ ያልሆነበት ቤት አለ። አንቺ የተሸማቀቅሽበት ጎመን ሁሉንም የሚሰበስብ እሱ ነው፣ ጠቢቡም በምሳሌ 15 በፍቅር የሚበላ የጎመን ወጥ በጥል ከሚበላ ከሰባ ፍሪዳ ይሻላል ያለው ለንደዚህ ያለ ገበታ ነው።

ስለዚ አብሽሪ፣ በደንብ ሥሪ፣ የጾም ነው ብለሽ እንዳትሰንፊ ደግሞ። ወቅቱም አግዞሻል፣ ክረምት የጠጣ ጎመን እንደ መስከረም መቼም አይለመልምም፣ ሰኞ ገበያ ውጪና ድንቹንም ካሮቱንም ቀይ ሥሩንም ትኩሱን መርጠሽ ግዢ፣ የበቆሎ እሸት ካገኘሽ ለልጆቹ ጥበሽላቸው፣ ከመርሳ በኩል የሚመጣ ፓፓያ ካለ እሱንም። ስልጆውን ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምረሽ አዘጋጂው፣ ለዓርብ ሰናፍጩ በደንብ ይይዝልሻል። የምስር ወጡን ሽንኩርት ያለ ዘይት ቀስ ብለሽ አቁላይው፣ ብዙ ሰው እዚጋ ይቸኩልና "የጾም ወጥ አይጥምም" ይላል፣ የማይጥመው የቸኮለ ወጥ ነው። ሱፉንም አምሰሽ ወቅጠሽ አጥልለሽ፣ እንጀራ ፈትፍተሽበት ቃሪያ ጣል አርጊበት። ድፎ ዳቦው፣ ፈንዲሻው፣ ቡናው ድሮም ጾም ነው። ለጠላው እኔ አልጨነቅም፣ ለአክስቶቹ ግን ብርዝ አዘጋጂ። ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ድስት ካለሽ በሱ ሥሪ፣ ሳይጠይቁሽ ልባቸው ያርፋል።

ሲቀርብ ደግሞ "ይቅርታ" የሚባል ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ። ጴጥሮስ ሳታጉረመርሙ እንግዳ ተቀበሉ ይላል (1ኛ ጴጥ. 4፥9)፣ ይቅርታ ማብዛትም ከማጉረምረም ብዙ አይርቅም። በተቃራኒው ደግሞ ስንት ዓይነት አቀረበች እንዲባልልሽ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ስታበዢ አድረሽ ቅዳሴ እንዳይቀርብሽ፣ እሱንም ፈራሁልሽ። አራት አምስት ዓይነት ካለ በቂ ነው፣ ለዶሮ ካሰብሽው ብር ደግሞ የተረፈ ካለ ከሠፈርሽ ማንም የማይጠራትን አንዲት እናት ጥሪበት፣ ጌታ በሉቃስ 14 ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችን ጥራ ያለው ለሀብታም ብቻ አይደለም።

ወንድምሽ ምናልባት ጾሙን የተወ ሰው ከሆነና "ሥጋ የለም እንዴ?" ካለሽ፣ ገበታ ላይ ስብከት እንዳትጀምሪበት። "የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፥ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ" ይላል ሮሜ 14፣ ስቀሽ አጉርሺው በቃ። እንደዛም እንዳይሆን ካሁኑ ደውይለትና "ዓርብ በጾም ነው የምንውለው፣ ዶሮው ለቅዳሜ ነው፣ ሳታድር አትሄድም" በይው፣ ይሄን ሰምቶ የሚከፋ ወንድም የለም፣ እንደውም አንድ ቀን ያስጨምርልሻል። አክስቶቹም የሚያድሩ ከሆነ ለቅዳሜ የነሱን በለመዱት ሥርዓት ያሳርዱ፣ ባለቤትሽ ያውቅበታል። የወንድምሽ ልጆች ከ7 ዓመት በታች ከሆኑ ዓርብም ቢሆን ወተታቸውን አትከልክያቸው፣ ከፍ ያሉ ከሆነ ግን ካንቺ ጋር ይጹሙ፣ ጎመን መቀንጠሱንም አብረውሽ ይሥሩ። እንግዶችሽን በሰላም ያግባልሽ፣ ዘመኑን ይባርክልሽ።