መስከረም ላይ ልጅ የምታስገቡ፣ ወረቀቱን ከአሁኑ ጨርሱ

እህቴ፣ «ልጄ 4 ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ መስከረም ላይ ኬጂ ላስገባው ነው፣ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም፣ ክረምቱን ምን ላስተምረው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ሴት ልጄን አምና አስገብቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ሀ ሁን ለጊዜው ተይው። ጎረቤት «የእኔ ልጅ እስከ ፐ ዘልቋል» ቢልሽ አትደንግጪ፤ ለፊደሉ መምህር አለችው። እሷ የማትደርስለት ሱሪውን ራሱ አውርዶ ራሱ መልበስን ነው። ቀበቶና ቁልፍ ያለው ሱሪ እንዳትገዢ፣ ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ፖፖ የለመደ ልጅ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ሲያይ ይፈራል፤ ቁጢጥ ማለቱን ከአሁኑ ይልመድ። «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገርም ይልመድ፤ የሚያፍር ልጅ ይዞት ይቀመጥና ያለቅሳል፣ ሰው ግን እናቱ ናፍቃው ነው ይላል።

የምሳ ዕቃውንም ክዳን ራሱ ይክፈት። የልጄ በአራት በኩል የሚቆለፍ ነበር። ወለል ላይ አስቀምጣ፣ በጉልበቷ ይዛ፣ አውራ ጣቷን ከክዳኑ ሥር ሰድዳ እስክትከፍተው ድረስ ማንም እንዳያግዛት ከለከልኩ። በመጀመሪያው ቀን ከጎኗ የተቀመጠውን ልጅ ምሳ ዕቃ የከፈተችለት እሷ እንደሆነች መምህሯ ስትነግረኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ጣቱ እንዲጠነክር ደግሞ ሊጥ ስጪው፣ ምስር ይልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። እርሳስ መያዙ ከዚያ በኋላ አይከብደውም።

2. መዝገብ ላይ የሚሰፍረውን ስሙን ይወቅ። ቤት ውስጥ «አቡሽ» ሲባል ያደገ ልጅ ስም ሲጠራ ዝም ይላል። እኛ ልጃችንን ማሚ ነው የምንላት፤ ክረምቱን በሙሉ ከነአባቷ ከነአያቷ ስም እየጠራን አለማመድናት። ስም ካነሳሁ ግን ዋናውን ልንገርሽ፣ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነውና።

ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና ጉርድ ፎቶ አምጪ አለኝ። ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት ልደት የሚመዘገብበት ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄድኩ። ልጄ ክርስትና የተነሣችው በ80 ቀኗ ነው፣ ክትባት የጀመረችው ደግሞ ከዚያ በፊት። ስለዚህ ካርዷ ላይ ስሟ የለም፤ ነርሷ የጻፈችው የእኔን ስም ነው። ይሄ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ቢሮ የተቀመጠው ልጅ ግን ካርዱን በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰልኝና «ይቺ ልጅ ያንቺ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ከጤና ጣቢያ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ «እነሱ በደብዳቤ ይጠይቁን» አለ። ስመለስ ሲስተም የለም። ሌላ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ይሄ ሁሉ በነሐሴ ዝናብ፣ ከመሥሪያ ቤት እየለመንኩ እያስፈቀድኩ። እናትን በልጇ ፊት እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የፈታልኝ የወለድኩበት ሆስፒታል የሰጠኝ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ነው። ከመታወቂያዬ ጋር አስቀምጬው ነበር፤ ያ ልጅ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሌላዋ ሠራተኛ አየችውና «ይሄ እያለ ምን አመላለሰሽ?» ብላ ወዲያው መዘገበችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ስለዚህ አንቺ ዛሬ ነገ ሳትይ ሂጂ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ቢያልፍም ይመዘገባል፣ ጣጣው ግን ይበዛል። የልደት ማሳወቂያውንና የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዢ፣ ከቻልሽ ከአባትየው ጋር ሂዱ። ከመፈረምሽ በፊት የልጁን ስም ፊደል በፊደል አንብቢ፤ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ለማስተካከል እንደገና እዚያው ወረፋ ነው።

3. ትምህርት ቤቱ ቅርብ ይሁን። ስም አለው ብለሽ ልጁን በኮንትራት ባጃጅ ከተማ እንዳታሻግሪው። በዚህ ጊዜ መንገድ ድንገት ሲዘጋ በእግርሽ ደርሰሽ የምታመጪው ቦታ ነው የሚሻለው።

መለየቱን በተመለከተ፣ እሁድ እሁድ ከአክስቱ ጋር ጣና ዳር ይሂድ፣ አንቺ ቤት ቅሪ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ተደብቀሽ እንዳትወጪበት። ብዙ ሰው «ሳያይሽ ሹልክ በይ» ይልሻል፤ እንዲህ የተደረገ ልጅ በማግስቱ በሩ ላይ እግርሽን አይለቅም። «ምሳህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» በይው፣ ባልሽው ሰዓት ድረሺ። ልጄ በመጀመሪያው ቀን አለቀሰች፣ ግን ስመጣ በሩን እያየች ነበር የጠበቀችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበዛበት ወቅት ነው። ልጁ ትኩሳት ይዞት «አልሄድም» ካለ ትምህርት ጠልቶ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ደሙን አስመርምሪው። አጎበሩም ከአሁኑ ይሰቀል።

ቀበሌሽን ጻፊልኝ፤ የማውቀው ቢሮ ከሆነ ጠዋት በስንት ሰዓት ወረፋ እንደሚያዝና የትኛው መስኮት እንደሚሻል በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።