ቲም ሊድ ሁኚ ተባልኩ፤ ልቀበል?

የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የክፍያ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት 5 ዓመት በዴቨሎፐርነት ሠርተሻል። ደንበኛው በዝቷል፣ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይለቀቃል፣ ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ የሚደወለው ላንቺ ነው። አሁን ቲም ሊድ፣ ማለትም የቡድን መሪ ሁኚ ብለውሻል። «ልቀበል ወይስ መጀመሪያ ኤምቢኤ ልማር?» ነው ጥያቄሽ።

ኤምቢኤው ይቆይ፣ የትም አይሄድም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። «ኮዱ ተበላሽቷል፣ ለማስተካከል ግን ጊዜ አይሰጡንም» ብለሻል። ሹመቱን ከተቀበልሽ እኮ ጊዜ ከልካይዋ አንቺ ነሽ!

ሥራ የምትፈልጊበትን ሊንክድኢንን እንይ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ለውጭ ሰው ሠርግና ምላሽ ነበር። ጓዳው ሌላ ነው። በ2003 ሲጀመር የተጻፈ፣ «ሊዮ» የሚሉት አንድ ግዙፍ ፕሮግራም ነበራቸው። በላይ በላዩ ሲጨመርበት ስለኖረ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይወድቃል። መሐንዲሶቹም እንዳንቺው እንቅልፍ አጥተዋል። ኖቬምበር ላይ የምህንድስና ኃላፊው ኬቨን ስኮት አዲስ ፊቸር (ለተጠቃሚው የሚጨመር አዲስ ነገር) መሥራት ለሁለት ወር ያህል ይቁም አለ። ባለአክሲዮኖች ከገቡ ገና ስድስት ወር ነው፣ ሁሉም አዲስ ነገር ይጠብቃል። በእነዚያ ወራት ኮድ የሚፈተሽበትንና የሚለቀቅበትን መንገድ እንደገና ሠሩት። ከዚያ በኋላ ለውጥ በቀን ደጋግመው መልቀቅ ቻሉ። በ2016 ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ያ ሁሉ በሁለት ወር ሥራ መጣ ማለቴ አይደለም። ግን በዚያ ኮድ እዚያ አይደረስም ነበር።

የተቃራኒውንም ልንገርሽ፣ የገንዘብ ሲስተም ነውና የምትሠሪው። በኦገስት 2012 ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ አክሲዮን ደላላ አዲስ ኮድ ለቀቀ። ኮዱ ሊጫንባቸው ከሚገባ 8 ሰርቨሮች (ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሱ ኮምፒውተሮች) አንዷ ተረሳች። እሷ ላይ ለዓመታት ሥራ ፈቶ የቆየ አሮጌ ኮድ ነቃና የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ትዕዛዝ ማዝነብ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ያንን አሮጌ ኮድ ማጥፋት የስንት ቀን ሥራ ነበር? ማንም ጊዜ አልሰጠውም።

እኔም አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ስሙ ይቅር፣ ቡድን ስመራ ለሁሉም «እሺ» ስል ከረምኩ። አለቆቼ ወደዱኝ። በዓመቱ ሁለቱ ጎበዞቼ ጥለውኝ ሄዱ።

ስለዚህ መልስ ከመስጠትሽ በፊት አለቃሽን አንድ ነገር ጠይቂው። «እኔ ይሄ ዛሬ አይለቀቅም ካልኩ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?» በይው። «እንነጋገርበታለን» ካለሽ ማዕረግ እንጂ ሥልጣን አልሰጠሽም።

ባዶ እጅሽን ግን አትግቢ። ያለፉትን ሦስት ወራት የስልክ ጥሪዎች መዝግቢ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሲስተሙ ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ ስንት ክፍያ እንዳልሄደ። «ኮዱ አስቀያሚ ነው» አትበይ፣ አለቃ ኮድ አያይም። «የደመወዝ ቀን ሲስተሙ 40 ደቂቃ ቆሞ ይህን ያህል ክፍያ ተመለሰ» ስትይው ያኔ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። እንደ ሊንክድኢን ሁለት ወር ማንም አይሰጥሽም። ኮዱን ለማስተካከል በሳምንት አንድ ቀን ጠይቂ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር።

ኮድ መጻፉ ይቀንስብሻል፣ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ላይ ሥራ የፈታሽ ይመስልሻል።

ደመወዝ ስትነጋገሩ የሌሊቱን ተራ ነገር አብረሽ አንሺ። ቡድኑ በየተራ ይያዘው፣ አበልም ይኑረው፣ ውልሽ ላይ ይጻፍ። ቲም ሊድ ሆነሽም ስልኩ ላንቺ ብቻ ከጮኸ ምኑን ተሾምሽ?