በቅጠል፣ በአፈርና በአበባ ስለሚሠራ የሕፃናት ጥበብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገን በክሬዮን ስናሸው ምስሉ ደብዛዛ ይሆናል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ ቅጠሉ ተገልብጦ ሳይሆን አይቀርም። ጅማቱ ጎላ የሚለው በጀርባው በኩል ስለሆነ ጀርባው ወደ ላይ ይሁን። ትኩስ ቅጠል ይምረጡ፤ የደረቀው ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ስስ ወረቀት ያልብሱበትና አራቱን ማዕዘን በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር ያያይዙ። የ3 ዓመት ልጅ በአንድ እጁ ወረቀት ይዞ በሌላው ማሸት ስለሚከብደው ፕላስተሩን አይተዉት፤ ወረቀቱ ከተንሸራተተ ጅማቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል። የክሬዮኑን ልባስ ልጠው በጎኑ አጋድመው ያሳሹ። ወረቀቱ የሚቀደደው በጫፉ ሲታሽ ነው።

ጥያቄ፦ ከአፈር የሠራነው ቀለም ሲደርቅ ይረግፋል።

መልስ፦ አጣባቂ ስለሌለው ነው። አፈሩን አድርቀው ይፍጩ፣ በጥሩ ወንፊት ይንፉ። 2 ማንኪያ አፈር በ1 ማንኪያ ነጭ ኮላ ለውሰው፣ ከብሩሽ ላይ በዝግታ የሚንጠባጠብ እስኪሆን ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ወፍራም ከተቀባ ግን ሸክላነት ያለው አፈር ውሃው ሲተን ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል፤ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል። ድመትና ውሻ ከሚጸዳዱበት ቦታ አፈር አይውሰዱ፤ ሲጨርሱም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር አፈር ለየብቻ ካገኙ ከሥዕሉ ይልቅ ለመንፋቱና ለማነጻጸሩ ሰፊ ጊዜ ይስጡ። ልጆቹ አፈር አንድ ቀለም ብቻ እንዳልሆነ የሚያዩት እዚያ ላይ ነው፤ እኔ ከሥራው ሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ መሃል ያደረግነው አበባ ሻገተ።

መልስ፦ ጤዛው ሳይደርቅ ተቆርጧል፣ ወይም አበባው ወፍራም ነው። ስሱን መርጠው ውሃ በሚመጥ ወረቀት መሃል ያድርጉ፣ ከባድ ነገር ይጫኑበት። ወረቀቱን በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይቀይሩ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲሠራ የ2 ዓመት ታናሽ ወንድሙም አብሮ ይቀመጣል። ጠጠርና ዘር መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ በመጸዳጃ ወረቀት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል፤ አይስጡት። ትልልቅ ቅጠልና ከቱቦው የሰፋ ድንጋይ ይበቃዋል። ለታላቁም ቢሆን የጉሎ ፍሬ ፈጽሞ አይቅረብ፤ መርዛማ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክልም ቆዳና ዓይን ሊያቃጥል ስለሚችል ይቅር።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ 5 ደቂቃ ሠርታ ትነሳለች። ላስጨርሳት?

መልስ፦ አያስገድዷት፤ በ4 ዓመቷ ይህ የተለመደ ነው። ዕቃውን ሳያነሱ ይተዉላት፤ ብዙ ልጆች ራሳቸው ይመለሳሉ። ስትመለስም «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት «ይህን መስመር በምን ሠራሽው?» ብለው ይጠይቋት። የሥዕሏን ጎደሎ ግን በእርስዎ እጅ አይሙሉ።