ከባትሪው የፈሰሰው አሲድ አይደለም

በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ለስዊችጊር (ለፋብሪካው ኃይል መቆጣጠሪያና ማቋረጫ ሳጥኖች) 110 ቮልት የሚሰጡ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች አሉን። ሁለት ሴሎች ከሥር ያፈስሳሉ፤ ክዳናቸው ላይም ነጭ ነገር ጋግሯል። ረዳቴ በባዶ እጁ ነካውና ‹ሳሙና ነው የሚመስለው፣ ምንም አያቃጥልም› አለኝ። እኔ እንደ መኪና ባትሪ ቆጥሬው ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩበት። ልክ ነኝ?»

ወንድሜ፣ ባትሪው ይቆይ፤ መጀመሪያ የልጁ እጅ። ያ ሙልጭልጭ ማለቱ ነው የሚያሳስበኝ። እነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ያለው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ፤ አልካሊ ይባላል። የቆዳን ስብ ወደ ሳሙና ይለውጣል። ልጁ የዳሰሰው ከገዛ ቆዳው እየተሠራ ያለ ሳሙና ነው ማለት ይቻላል። አሲድ ወዲያው ስለሚያንገበግብ ሰው እጁን ቶሎ ይሰበስባል። ይሄኛው ግን ድምፁን አጥፍቶ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ውሃ ነው። ብዙ ውሃ፣ ቧንቧ ሥር፣ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የነካው ልብስ፣ ቀለበትና ሰዓት እየታጠበ ይወልቅ። ጫማ ውስጥ ከገባ ካልሲውም ይውለቅ፤ እዚያ የታቆረው ነው እግር የሚበላው። ቆዳ ላይ አቼቶም ሎሚም እንዳታደርጉ።

ዓይን ውስጥ ከገባ ጨዋታ የለም። የዓይኑን ቆብ በጣት ከፍታችሁ፣ ውሃው ወደ ደህናው ዓይን እንዳይፈስ ጭንቅላቱን አዘንብላችሁ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ እጠቡ። ታጥቦ ሲያበቃ፣ «ተሻለኝ» ቢልም እንኳ፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የዋጠ ሰው ካለ አፉን ይጉመጥመጥ፣ እንዲያስመልስ ግን አታድርጉት፤ እሱም ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ሶዳው። ቤኪንግ ሶዳ የመኪና ባትሪ አሲድ ላይ ሲነሰነስ አረፋ እያወጣ ያበርደዋል። እዚህ ግን እሱ ራሱ አልካሊ ነው። ትንሽ ቢያለዝበውም የሚተርፈው ካርቦኔት አሁንም አልካሊ ነው፤ አረፋም ስለማያወጣ ሥራው ያለቀ ይመስልሃል። ክዳኑ ላይ የጋገረው ነጭ ነገርም በአብዛኛው ካርቦኔት ነው። ውህዱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ የሚሠራው ስለሆነ ነጭ ላይ ነጭ ጨመርክ ማለት ነው።

ወለሉን እንዲህ አጽዳው። የላስቲክ ጓንት፣ ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽርና የላስቲክ ቦት አድርግ። የቆዳ ጓንት አይሆንም፣ ይበላዋል። ክፍሉን አናፍስ፤ ሲቻርጅ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ ሲጋራም ብልጭታም አይኑር። ቻርጀሩን አጥፋ፣ ባትሪውን ግን ለብቻህ ወስነህ ከመስመር አታውጣ። ብሬከሮቹ ትሪፕ የሚያደርጉት፣ ማለትም ብልሽት ሲኖር ኃይል የሚያቋርጡት፣ በዚያ 110 ቮልት ነው። እሱ ከሌለ አጭር ሰርኪዩት ሲመጣ የሚያቋርጥላችሁ የለም። ኃላፊው ይወቅ፣ ምትክ ኃይል ይዘጋጅ።

የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ አስመጥጠህ በፕላስቲክ ባልዲ ሰብስብ። የአሉሚኒየም ዕቃና የቆርቆሮ ባልዲ እንዳትጠቀም። ውህዱ አሉሚኒየምንም ቆርቆሮ የተለበጠበትን ዚንክም እየበላ ሃይድሮጂን ያወጣል። ወለሉ ላይ የቀረውን እርጥበት በቦሪክ አሲድ ውህድ ወይም ውሃ በገባበት አቼቶ ጥረገው። አሲድና አልካሊ የሚለይ ሊትመስ ወረቀት ካለህ ቀዩ ሰማያዊ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ድገመው፣ ከዚያ በውሃ አጥራ። በጎማ ቧንቧ ባትሪው ላይ ውሃ መርጨት ግን የለም። እርጥበቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከሴል ወደ መደርደሪያው ብረት ወርዶ የኧርዝ ፎልት (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የማፍሰስ) ማስጠንቀቂያ የሚያስጮኸውም እሱ ነው።

የሴሎቹን ክዳን ሳትከፍት ነጩን ነገር ውሃ በነካው ጨርቅ ጥረግ። የሽቦ ብሩሽ አታስጠጋ። አቼቶም ወደ ሴሎቹ አታቅርብ፤ ጠብታ አሲድ ውስጥ ከገባ ሴሉን ያበላሻል። ስለዚህ የመኪና ባትሪ የለካህበት ሃይድሮሜትር (የባትሪ ፈሳሽ ክብደት መለኪያ) እዚህ ክፍል አይግባ። ለነገሩ ጥቅምም የለውም። የዚህ ባትሪ ውህድ ክብደት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.20 አካባቢ ነው፣ ቢሞላም ቢራገፍም እምብዛም አይለወጥም። በመኪና ባትሪ ልማድ «1.20 አነበበ፣ ሞቷል» ተብሎ ደህና ባትሪ ሲጣል አይቻለሁ፤ ያናድዳል።

ከሥር የሚያፈስ ሴል የውጭ ዕቃው ተሰንጥቋል ማለት ነው። በማጣበቂያ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ሌሎቹ ክዳናቸው ብቻ ከረጠበ መንስኤው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ ወይ ቻርጀሩ ቮልቴጁን አብዝቷል፣ ወይ አንድ ሰው ከላይኛው መስመር አሳልፎ ውሃ ሞልቷል። ሲቻርጅ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል መጨመር ያለበት ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ እሱም ዲስቲልድ ውሃ ብቻ። ጠርገህ ስታበቃ ተርሚናሎቹን አድርቅና ቫዝሊን በስሱ ቀባ።

የወጣውን ሴልና የሰበሰብከውን አሸዋ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣል። ካድሚየም መርዝ ነው፤ አፈርም ውሃም ይበክላል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አድርገህ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በትልቁ ጽፈህ፣ ባትሪውን ያቀረበላችሁ ድርጅት እንዲረከብ በደብዳቤ ጠይቁ።