ለድሬ ቤት ኤሲ ከመግዛትህ በፊት ጣራህን እይ

ሰላም ወንድሜ። ሳቢያን ለምትሠራው ቤት ስንት ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ) ኤሲ ልግዛ ብለህ ጠይቀሃል። ሳሎኑ 5 በ6፣ መኝታ ቤቱ 4 በ4፣ ጣራው ቆርቆሮ። ሻጩ ደግሞ «የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ለእያንዳንዳቸው 24 ሺህ ቢቲዩ ውሰድ» ብሎሃል። እባክህ አትቸኩል። እኔ እንዲህ ያለ ምክር ሰምቼ ተጎድቻለሁ።

ለ4 በ4 መኝታ ቤት 18 ሺህ ቢቲዩ ገዛሁ፣ ኢንቨርተር ያልሆነ፣ ማለትም ኃይሉን መቀነስ የማይችል፣ ወይ በሙሉ ኃይል የሚሠራ ወይ የሚጠፋ። በጥቂት ደቂቃ ክፍሉ በረዶ ይሆናል፣ ማሽኑ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ በተነሳ ቁጥር አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ አንሶላው ይቀዘቅዛል ግን ይረጥባል። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኤሲ እርጥበቱን ከአየሩ የሚያወጣው ረዘም አድርጎ ሲሠራ ነው። ኮምፕረሰሩንም (የኤሲውን ሞተር) የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ መነሳትና መጥፋት ነው። የኔው በሦስተኛ ዓመቱ ተቃጠለ።

አሁን ወደ ስሌቱ። 12 ሺህ ቢቲዩ ማለት 3,500 ዋት ያህል ሙቀት ከክፍሉ አውጥቶ ውጭ መጣል ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚያወጣው ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እና ራስህን ጠይቅ፦ መኝታ ቤቴ ውስጥ ስንት ምጣድ ተጥዷል?

ለመነሻ በካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያዝ። መኝታ ቤትህ 16 ካሬ ስለሆነ 9,600 ይመጣል፣ ሳሎንህ 30 ካሬ ስለሆነ 18,000። ከዚያ ሰው ጨምር። የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ከሰዓት ስምንት ሰው ለበርጫ የሚሰበሰብበት ሳሎን ከሆነ ወደ 2,700 ቢቲዩ ተጨመረ ማለት ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት ካለህ ደግሞ ሌላ ጨምር።

ከሁሉም በላይ ግን ጣራው ነው። የከዚራ ሰፈርን የድሮ ቤቶች አይተሃል፤ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳና ዛፍ ያላቸው። ኤሲ ሳይታሰብ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። እኛ ዛሬ ብሎኬት ደርድረን ቆርቆሮ እንጭንበትና ሙቀቱን በማሽን ልንታገለው እንነሳለን። የኔን ኮርኒስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትነካው እጅህን ይፈጃል ማለት ይቻላል። ማሽኑ ሲቃጠልብኝ ሌላ ከመግዛቴ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ንጣፍ አስነጠፍኩ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር እንዲወጣም በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ አስከፈትኩ። ከዚያ 12 ሺህ ኢንቨርተር ገባ። ኢንቨርተር ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አይጠፋም፣ ኃይሉን ቀንሶ ይቀጥላል። ግንቦትንም ሰኔንም በሰላም ተኛሁበት። አንተ ገና እየሠራህ ስለሆነ ይህን በትንሽ ወጪ ታደርገዋለህ። እኔ ኮርኒስ አስፈርሼ ነው።

ስለዚህ ጣራውን ካስተካከልክ የሚገባው ሙቀት ስለሚቀንስ ለመኝታ ቤት 12 ሺህ፣ ለሳሎን 18 ሺህ፣ ሁለቱም ኢንቨርተር። ካላስተካከልክና ሳሎኑ የምዕራብ ፀሐይ የሚገባው ከሆነ ብቻ ሳሎኑ ላይ 24 ሺህ አስብ። ለመኝታ ቤቱ በምንም መንገድ አይሆንም።

ኤሲው የሚያሞቅም ነው ብለው ዋጋ ቢጨምሩብህ ለዚያ ብለህ አትክፈል። እህቴ ሐረር ነው የምትኖረው። እዚያ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል፣ ማሞቂያ ብትል ይገባኛል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆነህ ምን ታሞቃለህ?

የውጩን ማሽን የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት፣ በጠባብ ኮሪደርም እንዳይዘጉት ቆመህ አሠራ። የራሱን ሞቃት አየር መልሶ ከሳበ 18 ሺሁ 18 ሺህ አይሆንም። መስመሩም ለብቻው ከነብሬከሩ ይሳብ።

ኮርኒሱ ካልተመታ የምዕራቡን መስኮት ስፋትና የኮርኒሱን ከፍታ እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።