የኮሪያ የትምህርት ቤት ድራማ ለምታዩ ተማሪዎች

ይድረስ የኮሪያ ድራማ በስልካችሁ እያያችሁ ለምታመሹ ወጣቶች፤

ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማርሁ፣ በኋላም በርእሰ መምህርነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ድራማ ማየታችሁን እንድትተዉ ለመምከር አይደለም። ስለ ተማሪ ኑሮ የተሠሩትን የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች ከልጅ ልጆቼ ጋር ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ስለ መማሪያ ክፍል የሚያውቁት፣ በሥራ ዘመኔ የተቀመጥሁባቸው ብዙ ስብሰባዎች ከሚያውቁት ይበልጣል። የምመክራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ ድራማዎች ችግሩን ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይናገራሉ፤ ችግሩን ሲፈቱ ግን ብዙ ጊዜ ተመልካቹን ያባብላሉ። ስለዚህ የሚያነሡትን ጥያቄ እመኑ፣ የሚሰጡትን መልስ ግን መርምሩ።

ጥያቄው እውነት ነው የምለው አገሩን በማየት ነው። በደቡብ ኮሪያ ሱኑንግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በየዓመቱ በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ከ45 ይሰጣል። በዚያ ቀን መንገዱ ለተፈታኞች እንዲለቀቅ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዘግይተው ይከፈታሉ፤ የአክሲዮን ገበያው በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ሥራ ይጀምራል፤ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ግማሽ ሰዓት ገደማ በመላ አገሪቱ አውሮፕላን አይነሣም፣ አያርፍም፤ የረፈደበትን ተማሪም ፖሊስ ተሸክሞ ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ ለተማሪው የተሰጠ ክብር ሊመስላችሁ ይችላል። በፈተና አዳራሽ ብዙ ለቆመ ሰው ግን የሚታየው ሸክሙ ነው፤ አገር በሙሉ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቀው የ18 ዓመት ልጅ መሳሳት እንደ ማንም ሰው የተፈቀደለት መሆኑን ማን ይነግረዋል? በቅርብ ዓመታት ከሚፈተኑት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቀድሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው ዳግመኛ የሚፈተኑ መሆናቸውም የሚያሳየው ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ተፈትነው እንደማይበቃቸው ነው።

መደበኛው ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ ሃግዎን የሚባሉት የግል ማጠናከሪያ ተቋማት ይጀምራሉ። በሴኡል ጋንግናም ውስጥ የሚገኘው ዴቺ-ዶንግ በእነዚህ ተቋማት የታወቀ ሰፈር ነው። ከተማው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ከልክሏል፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2009 ክልከላውን አጽንቶታል። (የእኛ ነው ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊትማ በ1980 ወታደራዊው መንግሥት የግል ማስጠናትን ከነጭራሹ አግዶ ነበር፤ ሆኖም የወላጅን ጭንቀት በአዋጅ ማገድ አልተቻለም፣ እገዳውም በ2000 በዚያው ፍርድ ቤት ተሻረ። በ2023 የኮሪያ ቤተሰቦች ለግል ማጠናከሪያ 27.1 ትሪሊዮን ዎን አውጥተዋል። ያ ዓመት የተማሪው ቁጥር የቀነሰበት፣ ወጪው ግን የጨመረበት ዓመት ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል የተነሣውና እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ድራማ «ስካይ ካስል» ነው። ከኅዳር 2018 እስከ የካቲት 2019 መጀመሪያ ድረስ በጄቲቢሲ ጣቢያ በ20 ክፍሎች ተላለፈ። የመጀመሪያውን ክፍል ያየው 1.7 በመቶ ተመልካች ሲሆን የመጨረሻውን ያየው 23.8 በመቶ ነበር፤ በኬብል ለሚተላለፍ ድራማ ይህ በጊዜው ያልታየ ቁጥር ነው። ታሪኩ ልጆቻቸውን የሴኡል ብሔራዊ፣ የኮሪያና የዮንሴይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለማስገባት፣ ይልቁንም ሐኪም ለማድረግ፣ ገንዘባቸውንም ኅሊናቸውንም ስለሚያፈስሱ ሀብታም ቤተሰቦች ነው። ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ ልጇ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶላት ጎረቤት ሁሉ የቀናባት እናት ሕይወቷ በአሳዛኝ ሁኔታ ያልፋል፤ ልጁ የፈለጉትን ውጤት ከሰጣቸው በኋላ ወላጆቹን ትቷቸው ሄዶ ነበርና። በሌላው ቤት የሕግ ፕሮፌሰሩ አባት ትልቅ ፒራሚድ አስቀምጦ፣ ከጫፉ ያልደረሰ ሰው ከታች ተረግጦ እንደሚኖር መንታ ልጆቹን ያስተምራል። ያው አባት በየደረሰበት ሃርቫርድ ገባችልኝ እያለ የሚኮራባት ሴት ልጁ ሴሪ የሃርቫርድ ተማሪ ሆና አታውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ውሸቷን ስትኖር ከርማለች።

ስለ ሴሪ ጥቂት ልቆይ። ለአባቷ ከምትነግረው ይልቅ በሩቅ አገር ብቻዋን ማስመሰል የቀለላት ልጅ ናት። መምህር ሆኜ ካየሁት ሁሉ ወላጅን ከልጁ የሚለየው ዝቅተኛ ውጤት ሆኖ አያውቅም፤ የሚለየው ዝቅተኛ ውጤት ለመናገር የማይቻልበት ቤት ነው። ውጤቱን የደበቀ፣ ካርድ ላይ ቁጥር የለወጠ፣ ዩኒቨርሲቲ ተባርሮ ሳለ ለቤተሰቡ እየተማርሁ ነው እያለ የቤት ኪራይ የሚያስልክ ወጣት በእኛም አገር አለ፤ ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ጓደኛ የሌለው ጥቂት ይመስለኛል። ድራማው ይህን ፍርሃት ከሥሩ ያውቀዋል።

መጨረሻው ግን ሌላ ነው። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች የቀጠረቻት አስጠኚ ባሾለከችው ፈተና ልጇ አንደኛ የሆነችላት እናት ትናዘዛለች፣ ልጅቱ ትምህርት ቤቷን ትለቃለች፣ ፒራሚዱን የሚሰብከው አባትም ይለሰልሳል፣ ሁሉም ይታረቃል። ብዙ ኮሪያውያን ተመልካቾች ሳይቀሩ በዚህ አጨራረስ ቅር ተሰኝተዋል። ቅሬታቸው ትክክል ነበር፤ 19 ክፍል ሙሉ የሥርዓት ችግር ሲባል የከረመው በአንድ ክፍል የጸባይ ችግር ሆኖ አለቀ። ከዚህም የሚያስገርመው ድራማው ለማውገዝ ያሳየው ነገር በገበያ መፈለጉ ነው፤ ዋናዋ ተማሪ ዬሶ የምታጠናበት እንደ ቁም ሣጥን የተዘጋ የጥናት ጠረጴዛ ተፈላጊ ዕቃ ሆነ። ማስጠንቀቂያውን አይቶ ዕቃውን የገዛ ወላጅ የተቀበለው መልሱን ነው፤ ጥያቄው አላሳሰበውም። በነገራችን ላይ የፈተና መስረቁ ነገር የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ድራማው በተጀመረበት በ2018 በሴኡል አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ለመንታ ሴት ልጆቹ የፈተና መልስ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ታስሮ፣ በኋላም ተፈርዶበታል።

በ2023 የተላለፈው «ክራሽ ኮርስ ኢን ሮማንስ» ቀለል ያለ ነው፤ ፍቅርም ቀልድም አለበት። ቢሆንም ሁለት ነገር ልብ በሉ። እናቶች ለልጆቻቸው የፊት ወንበር ለመያዝ ገና ሳይነጋ ይሰለፋሉ፤ ሐኪም ለሚሆኑት በተመረጠው ልዩ ክፍል በችሎታዋ የገባችውን ሄዪን ደግሞ እናቶቹ ጫና አድርገው ያስወጧታል። ታሪኩ ለዚህች ልጅ ያገኘው መፍትሔ በአገሩ ውዱ የሒሳብ አስተማሪ በነጻ እንዲያስጠናት ነው። እንደ እርሷ ቦታቸውን ለተነጠቁት ሌሎች ልጆችስ ማን ይመጣላቸዋል? ድራማው አይጠይቅም፤ እናንተ ጠይቁ።

«ዘ ግሎሪ»ን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። የመጀመሪያው ግማሽ የወጣው በታኅሣሥ 2022፣ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ በመጋቢት 2023 ነው። ሙን ዶንግ-ኡን የምትባል ድሀ ተማሪ በሀብታም ክፍል ጓደኞቿ ሰውነቷ በፀጉር ካውያ ይተኮሳል፤ አቤት ስትል የክፍል ኃላፊው መምህር ይደበድባታል፤ እናቷ ደግሞ ገንዘብ ተቀብላ በማስታረቂያው ወረቀት ላይ ትፈርማለች። ይህ ክፉ ሊሆን የቻለው አምስቱ አጥቂዎች ክፉ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነርስ ከሆነችው አንዲት ሴት በቀር አዋቂ ሁሉ ፊቱን ስላዞረ ነው። የአገሪቱ መንግሥት በሚያዝያ 2023 በትምህርት ቤት ዓመፅ የተቀጣ ተማሪ መዝገብ ከ2026 ቅበላ ጀምሮ በሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲታይ መወሰኑ፣ የድራማው ዳይሬክተርም በወጣትነቱ ለፈጸመው ድብደባ በዚያው ሰሞን በጠበቃው በኩል ይቅርታ መጠየቁ፣ ጥያቄው ምን ያህል ሕያው እንደ ነበረ ያሳያል።

መልሱ ግን በቀል ነው፤ ለዓመታት ተቆጥሮ የተዘጋጀ፣ አንድም ስሌት የማይስት በቀል። እንደ ሒሳብ መምህር ሳየው አንድ ነገር አስቆጣኝ። ዶንግ-ኡን ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ገባች፣ በሥራ ደክማ እያጠናች የአቻነት ፈተና ወሰደች፣ ከዚያ መምህርነት ተምራ ተመረቀች። ይህ በሕይወት ውስጥ ካለ ድል ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ድራማው ግን በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ጠላት ሲወድቅ ማየት ሰው ሲያጠና ከማየት ይጥማል። ጥቃት የደረሰባችሁ ልጆች ብትኖሩ ሰዓታችሁን ለበቀል አትቁጠሩ። ለአንድ አዋቂ ተናገሩ፤ እርሱ ካልሰማ ለሌላው፣ ያም ካልሰማ ለሦስተኛው፤ የሆነውን ከቀኑ ጋር በጽሑፍ አስፍሩ። አይታችሁ ዝም ያላችሁ ደግሞ ከአጥቂዎቹ ወገን ለመቆጠር እጃችሁን ማንሣት አያስፈልጋችሁም።

ሁሉም ድራማ ያባብላል ማለቴ አይደለም። በ2022 በተላለፈው «ቱዌንቲ ፋይቭ ቱዌንቲ ዋን»፣ ኮሪያ በገንዘብ ቀውስ ውስጥ በነበረችበት በ1998፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሻምላ ቡድኑን ሲያፈርስ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጥፋት ሳይኖርባት ሕልሟን ታጣለች። በዚያው ድራማ ሱንግ-ዋን የምትባለው የክፍል አለቃ፣ ጓደኛዋ በመምህር መደብደቡን በራሷ ሬዲዮ ታሰማለች፤ ይቅርታ ጠይቂ ስትባል እምቢ ብላ ትምህርቷን ትለቃለች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትገባውም በሌላ መንገድ ነው። እውነት መናገር ዋጋ እንደሚያስከፍል ሳይደብቅ ያሳያል። «ቺዝ ኢን ዘ ትራፕ»ም የዩኒቨርሲቲውን ኑሮ በደንብ ያውቀዋል፤ በቡድን ሥራ ሌሎቹ ሲጠፉ ሆንግ ሶል ብቻዋን ስትለፋ አድራ፣ ፕሮፌሰሩ ለቡድኑ በሙሉ ዲ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

ከሁሉ ግን የማከብረው በታኅሣሥ 2012 የጀመረው «ስኩል 2013» ነው። ከመምህራን ክፍል የሚነሣ ድራማ ስለ ሆነ አድልቼ ይሆናል። ጎ ናም-ሱን የእግር ኳስ ተጫዋች ሊሆን የነበረውን የቅርብ ጓደኛውን እግር ሰብሯል፤ ያ እግር በይቅርታ አይድንም፣ ሁለቱ ግን እንደገና መነጋገርን ይማራሉ። የክፍሉ አስቸጋሪ ልጅ ኦ ጆንግ-ሆ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ተለውጦ አይመጣም። ሁለቱ መምህራን ይጠብቁታል፣ እርሱ ግን ሳይመጣ ድራማው ያልቃል። ከጻፍኋቸው የስም ዝርዝሮች ውስጥ እንዲህ ያሉ ስሞች ነበሩ፤ ጸሐፊው ልጁን በግድ አለማዳኑን እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጥሬለታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚያ አገር እንዳትቀዱ እለምናችኋለሁ። አራት ሰዓት የሚተኛ ያልፋል፣ አምስት ሰዓት የሚተኛ ይወድቃል የሚል የቆየ የኮሪያ ተማሪዎች አባባል አለ፤ ከእናንተም አንዳንዶቹ ይህን በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ስትጽፉ አይቻለሁ። የእነርሱ ችግርና የእኛ ችግር መልኩ ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። በእኛ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። የኮሪያው ልጅ የሚጨነቀው ትምህርቱን በደንብ ከሚያውቁት መካከል ቀድሞ ለመገኘት ነው። የእኛዎቹ ብዙዎች የወደቁት ግን ቤተ ሙከራ ሳያዩ፣ መጽሐፉን ለአምስት እየተካፈሉ፣ አንዳንዴም የፊዚክስ መምህር ሳይኖራቸው ነው። እንቅልፍ ቢቀነስ ያልተማሩት ምዕራፍ አይገባም። የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን መሠረት ከሚያውቅ ሰው ጋር መልሶ መሥራት፣ ያልገባችሁን ምዕራፍ ለይቶ መጻፍ፣ በቡድን ማጥናት ይጠቅማል፤ የተኛ አእምሮም የተማረውን ይይዛል።

በመጨረሻ ስለ ወላጆቻችሁ። አብዛኞቹ ድራማውን የጊዜ ማጥፊያ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ሰብታይትሉን ለማንበብም ይቸገራሉ። ቅዳሜ ማታ አባታችሁን ወይም እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና የሴሪ ውሸት የታወቀባቸውን ክፍሎች በአማርኛ እየተረጎማችሁ አሳዩአቸው። ስለ ራሳችሁ ምንም አትበሉ። ሲያልቅ፣ ይህች ልጅ ለአባቷ ቀድማ ብትነግረው ምን ይላት ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ሳታቋርጡ አዳምጡ።