ሥራውን እኔ እሠራለሁ፣ እድገቱን ሌላ ይወስዳል፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕስ የደረጃ እድገት ነው። ሰንጋ ተራና ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ የእድገት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ኖሬያለሁ። ስትጠይቁ የግል ይሁን የመንግሥት፣ የህብረት ስምምነት (ሠራተኛ ማህበሩና አሠሪው የተፈራረሙት) ይኑር አይኑር ጻፉ። «አልፈውኛል» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ መልስ የለውም።

የለገሃሯ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የግል ድርጅት ነው፣ የህብረት ስምምነት አለን። አለቃዬ ከለቀቀ ጀምሮ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ከሌላ ቅርንጫፍ ሰው አምጥተው ሾሙና «አለማምጂው» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የተጠባባቂነት ደብዳቤ፣ ማለትም መደቡን ለጊዜው እንድትይዢ የሚያዝ ወረቀት፣ አለሽ? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኮሚቴው ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ሰንጠረዥ ነው። ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ውጤት ተኮር (የሥራ አፈጻጸም ነጥብ)፣ የማህደር ጥራት (ቅጣት አለመኖሩ)፤ እያንዳንዱ አምድ ነጥብ አለው። «ታመሻለች» የሚል አምድ የለም። አንዴ ከአባላቱ አንዱ «ይቺ ልጅ እኮ ሥራውን ይዛው ነው ያለችው» ሲል ሰብሳቢው «ደብዳቤ አላት?» አለ። ማህደሯ ተገለበጠ። የዓመት ፈቃድ ቅጾች፣ የትዳር ማስረጃ፣ አንድ የድሮ የምስጋና ወረቀት። ወደ ቀጣዩ ስም ታለፈ፤ ደቂቃም አልፈጀ።

ስለዚህ «እስኪ ለጊዜው ያዢው» ስትባዪ በዚያው ቀን ደብዳቤ ጠይቂ። ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ መደቡን ይጥቀስ፣ ግልባጩ ለማህደርሽ ይሁን። እምቢ ካሉ «በቃል በታዘዝኩት መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን ተረክቤያለሁ» ብለሽ አንቺው ጻፊና መዝገብ ቤት አስገቢ። ቅጂሽ ላይ ገቢ መሆኑን ያስፈርሙልሽ። የተጠባባቂነት አበልም ካለ የህብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ነው የምታገኚው። አሁን ለሆነው ቅሬታሽን በጽሁፍ አቅርቢ፤ የማቅረቢያው ቀን ሳያልፍብሽ። በጽሁፍ! «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት መሥሪያ ቤት ውስጥ አይሠራም።

ሰርቬየሩ፦ ማስተርስ ብማር ያሳድገኛል?

መልስ፦ የምትፈልገው መደብ ይጠይቃል? ካልጠየቀ ለራስህ ተማር።

የፒያሳው፦ ጋሼ ወረቀት ወረቀት ይላሉ እንጂ እኛ ቤት የሚያድገው አለቃውን ቡና የሚጋብዝ ነው።

ሒሳብ ክፍል፦ ቡና መጠጣት ምኑ ነውር ነው? አለቃህ ምን እንደምትሠራ በምን ይወቅ? አንተ ኮምፒውተርህ ላይ ተደፍተህ ውለህ ትወጣለህ፣ ከዚያ ዘመድ ነው ትላለህ።

የፒያሳው፦ እሱ ማሽቃበጥ ይባላል። ደግሞ በዚህ ደመወዝ ማኪያቶ ልጋብዝ?

ሒሳብ ክፍል፦ ጀበና ቡና አለ፣ ማኪያቶ ያለህ ማነው?

መልስ፦ የቡናውን ክርክር ውጭ ጨርሱት። ዘመድ አለ፣ አልክድም። ግን ዘመድ ያለው ሰውዬም ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ መሙላት አለበት። ያንተ ባዶ ሲሆን ነው ሥራው የሚቀልለት። ሥራህን በየወሩ በጽሁፍ ሪፖርት አድርግ።

እናት፦ ወሊድ ፈቃድ ላይ እያለሁ የውስጥ የእድገት ማስታወቂያ ወጥቶ አለፈ።

መልስ፦ ቅድመ ወሊዱ 30፣ ድህረ ወሊዱ 90 ቀን መብትሽ ነው፤ በፈቃድ ላይ ነበርሽ እንጂ አልለቀቅሽም። በፆታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይከለክላል። «ማስታወቂያው ለምን አልደረሰኝም» ብለሽ ጠይቂ። በጽሁፍ።

ዘጠነኛ ፎቅ፦ እኔንም አልፈውኛል ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አይቲው፦ ማናጀር ሊያደርጉኝ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው የሚጨምረው። ልቀበል?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ከፈረመ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። አዋጅ 1156 የሥራ መሪን አይሸፍንም። የሥራ መሪ ከሆንክ የሚገዛህ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የራስህ ውል ነው። አሁን በአዘቦት ቀን ብታመሽ በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይታሰብልሃል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ 1.75፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይም አያሠሩህም። ያኔ ግን ይሄ ጥበቃ የለህም፣ ውልህ ላይ የጻፍከው ብቻ ነው ያለህ። ታዲያ «ማናጀር» የሚል ወንበር ስለሰጡህ ብቻ የሥራ መሪ አትሆንም። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት ትችላለህ? ወይስ ስሙን ሰጥተው ትርፍ ሰዓቱን ሊያስቀሩብህ ነው? የሥራ መዘርዝሩን ሳታይ እንዳትፈርም።

አይቲው፦ በቃል ነው የነገሩኝ...

መልስ፦ በቃል! ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው?

ዘጠነኛ ፎቅ፦ አነበብኩት ጋሼ። ግን መልቀቅ አይሻልም?

መልስ፦ ሌላ ቦታ የተፈረመ ደብዳቤ ይዘሃል? ካልያዝክ ቁጭ በል። ከያዝክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ። የሥራ ልምድህን ሲሰጡህ ደግሞ እዚያው ቆመህ አንብበው። የሠራኸው ሥራ ካልተጻፈበት መልስላቸው፣ አስተካክለው እስኪሰጡህ አትውጣ።